በእናቴ የዳቦ ኦቨን ሙቀት ለለኩልን ለአቶ ወንድይራድ

አካላ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወንድይራድ፣ በአካላ የምንከራያቸውን ሕንፃዎች ማሞቂያ፣ ኤሌክትሪክና የውጭ ገጽታ ለሚቆጣጠሩት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን፣ በተለይም የጨጓራዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከቤቴ ተመግበው የሄዱ ሰው ስለሆኑ፣ የጤናዎ ነገር በከፊል የእኛም ኃላፊነት ሆኗል። እኛ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

በአካል ተገናኝተን ስለማናውቅ ራሴን ላስተዋውቅ። ሸረፈዲን እባላለሁ፤ አምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ፣ ዛሬ በአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያመላልሱትን ቀበቶዎች ሞተር እጠግናለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ከወይዘሮ ሰአዳ ጋር እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆንኩ እኔን አላገኙኝም፤ እሳቸውን ግን በሚገባ ያውቋቸዋል። «እማማ» ብለው ነው የሚጠሯቸው።

ስለዚህ ጉዳይ በስዊድንኛ የጻፍኩት አንድ ገጽ ባለፈው ዓርብ ለአለቆችዎ ደርሷል። በእሱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ዲግሪ እንጂ አንድም ቅጽል የለበትም። እሱ ሥራዎን ይመለከታል፤ ይህ ግን እርስዎን ይመለከታል። አለቆችዎ ገጹን ሲያነቡ የአለካክ ስህተት ያያሉ። እኛ ስናነበው የምናየው ሌላ ነገር መሆኑን ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቁ፣ ይህን ደብዳቤ በልብስ ማጠቢያችን በር ላይና በሪንከቢ አደባባይ ዙሪያ አማርኛ አንባቢ በሚገባባቸው ሱቆች ሁሉ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት በነሐሴ መጨረሻ በየደጃፋችን አንድ ባለቀለም ወረቀት አስቀምጠውልን ነበር። ብርዱ ሳይገባ የሕንፃው ውጭ እንደሚጸዳ፣ ኤሌክትሪኩ እንደሚፈተሽና ማሞቂያው እንደሚስተካከል በፊርማዎ አረጋግጠውልናል። እኔ የተጻፈ ነገር የምጠብቅ ሰው ስለሆንኩ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ለነገሩ ማቀዝቀዣ ላይ መለጠፌ ትንቢት ሆነ። ቅሬታዬን በእርስዎ ወረቀት ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የሕንፃው ውጭ።

መስከረም 2 ቀን ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው መጡ፤ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፎቶ ተነሡና መሰላላቸውን ይዘው ሄዱ። ፎቶው በድርጅትዎ ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ መሰላሉ በጣም ያምራል። ከእናቴ መኝታ ቤት መስኮት በላይ ያለው አሸንዳ ግን ያለፈው ዓመት ቅጠል እንደሞላው ነው። በውስጡም አንዲት የበርች ዛፍ ችግኝ በቅላለች፤ ቁመቷ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው መውረጃ አጥቶ በግድግዳው ይወርዳል፤ ግድግዳው ርጥብ ስለሆነም ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የመስኮቱ ጎማ ተሰነጣጥቋል። መስኮቱን ዘግቼ አጠገቡ ቀጭን ወረቀት ብይዝ ወረቀቱ ይርገበገባል። የያዝኩት ወረቀት የእርስዎ ነበር።

ሁለተኛ፤ ኤሌክትሪክ።

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። የሕንፃው ገመድ ያረጀ ስለሆነ ማንም ሰው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳይሰካ ከልክለዋል። ትክክል ነዎት፤ በሙያዬም እመሰክርልዎታለሁ። በሚያዝያ ወር የኮሪደሩ የፊውዝ ሳጥን የተቃጠለ ፕላስቲክ እንደሚሸት ጽፌ ያመለከትኩት እኔ ራሴ ነኝ። «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በአራት ሰከንድ ውስጥ ደርሶኛል። ሳጥኑ ዛሬም ይሸታል፤ እኔም ክልከላዎን አክብሬ ለእናቴ ማሞቂያ አልገዛሁም። ይህንን ያነሣሁት ቀጥሎ የማነሣው ነገር ሌላ መውጫ እንዳልነበረው አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ሦስተኛ፤ ማሞቂያው።

እናቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ጥር የሳንባ ምች ይዟቸው አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ሐኪሟ የሚተኙበት ክፍል ከሃያ ዲግሪ እንዳይወርድ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሕመም ሳንባቸው እንደማይችለው አስጠንቅቃኛለች። በዚህ መስከረም መጀመሪያ ክፍላቸው 16.8 ነበር። እናቴ ካፖርት ለብሰው ይሰግዳሉ፣ ካፖርት ለብሰው ይተኛሉ። ኤለመንታቸው፣ ማለትም ግድግዳው ላይ የተገጠመው ማሞቂያ፣ ከላይ ለብ ይላል፤ ከታች በረዶ ነው። አየር ይዞታል፣ ቫልቩም ተጣብቋል። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እጄን እንዳላስገባ የኪራይ ውሉ ስለሚከለክለኝ፣ ውል አክባሪ ሆኜ አመለከትኩ።

የራስዎ ወረቀት የአለካኩን ደንብ ዘርዝሯል። ሙቀት የሚለካው በተበላሸው ክፍል መካከል፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሩ ተዘግቶና ሌላ የሙቀት ምንጭ ሁሉ ጠፍቶ ነው። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ከሃያ በላይ ከሆነ አቤቱታው እስከ ጥር ይዘጋል። ግሩም ደንብ ነው። እኔ ብጽፈው ከዚህ የተሻለ አልጽፈውም።

ረቡዕ መስከረም 7 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ለእናቴ ደወሉ። በአማርኛ ነው የደወሉት፤ ምስጋና ይገባዎታል። ስምዎን ነገሯቸው፤ የማን ልጅ እንደሆኑ ሲጠይቁዎም የወይዘሮ ውብነሽ ልጅ መሆንዎን ነገሯቸው። እናትዎና እናቴ ከሃያ ዓመት በፊት ስዊድንኛ ሊማሩ አንድ ክፍል ገብተው፣ ስዊድንኛውን ትተው ጓደኝነቱን ይዘው የወጡ ሴቶች ናቸው። ከዚያ «አራት ሰዓት ላይ ብቅ እላለሁ፤ ምንም እንዳይቸገሩ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

አቶ ወንድይራድ፣ «ምንም እንዳይቸገሩ» የሚለው ቃል ለአንዲት የወሎ እናት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። ስልኩ በተዘጋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ኦቨኑ በራ። ረቡዕ መሆኑን አስበው፣ እርስዎ ጾመኛ እንደሆኑ ገምተው፣ ዳቦውን በዘይት ብቻ አቦኩልዎት፤ የምስር ሳምቡሳም ጠበሱ። የክፍሎቹን በር ሁሉ ከፈቱ፤ እንግዳ በብርድ ኮሪደር አያልፍምና። ከዚያ እርስዎ መጡ፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጠው በሉ፤ እዚያው ቴርሞሜትርዎን አውጥተው ለኩ። 21.6። እናቴ መርቀው ሸኙዎት።

ማታ ከሥራ ስገባ ይህን ሰማሁ። ለእርስዎ በጎ አሰብኩልዎት፤ አጋጣሚ ነው አልኩ። ለእናቴ ግን በሚቀጥለው እንዳይጋግሩ ነገርኳቸው። «እንግዳ ከብርድ አስገብቼ ብርድ ላይ ላስቀምጠው?» አሉኝ። እኔም ሁለት መዝጋቢ ቴርሞሜትር ገዝቼ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በክፍላቸው ሰቀልኩ። በየአሥር ደቂቃው ይጽፋሉ።

ሁለተኛ የመጡት መስከረም 16 ቀን፣ የደመራ ዕለት ነው። እናቴ በዓልዎ መሆኑን ያውቃሉና ትልቁን ድፎ ጋገሩልዎት። ከመደወልዎ በፊት ክፍላቸው 16.9 ነበር። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ እርስዎ የተቀመጡበት ሳሎን 22.4 ደረሰ። እርስዎ ያላዩት የእናቴ ክፍል በሩ ተከፍቶም 18.3 ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ 16.9። የተረፈውን ዳቦ በፎጣ ተጠቅልሎ ይዘው ሄደዋል፤ ፎጣው አልተመለሰም።

ሦስተኛው መስከረም 22 ነው። በዋዜማው ሲደውሉ እናቴ ሶላት ላይ ስለነበሩ መልእክት ተዉላቸው። መልእክቱ በእጄ ይገኛል። «እማማ፣ ወንድይራድ ነኝ፤ ነገ አራት ሰዓት እመጣለሁ፤ ምንም እንዳይቸገሩ። ያ ዳቦ ካለ ግን አልጠላም» ብለው ስቀዋል። ሳቁ ሦስት ሰከንድ ይቆያል። ይህን ሦስት ሰከንድ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አጋጣሚ የሚመስል ድምፅ የለበትም።

ያን ዕለት 22.1 ለኩ፤ አቤቱታችንም እስከ ጥር ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሔዋን ቤት እንዲሁ ደውለው ሄደዋል። ሁለት ድስት ጥዳ ጠበቀችዎት፤ ቤቷ «ሞቃት» ሆኖ ተገኘ። አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ዬራን የሚባለው ስዊድናዊ ጡረተኛ ግን በካልሲ ቆሞ በሩን ከፈተልዎት፤ ውሃ እንኳን አላቀረበም። ቤቱ 18.1 ተገኘ፤ በሳምንቱ ኤለመንቱ ተቀየረለት። ሦስታችንም የምንሞቀው ከአንድ ቧንቧ ነው። የሚለየን አንድ ነገር ቢኖር እንግዳ አቀባበላችን ነው።

አራተኛ፤ በወረቀትዎ ላይ የሌለ ነገር።

መስከረም 27 ቀን ከድርጅትዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ተከራይ በኦቨን ቤት ማሞቅ ክልክል መሆኑን፣ ድርጊቱ ከተደገመም ውሌ ሊቋረጥ እንደሚችል ይገልጻል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ሦስተኛው የመለኪያ ቅጽዎ ነው፤ በራስዎ እጅ «ኦቨን በርቶ ተገኝቷል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ፊርማዎ አለ።

ዳቦውን በሉ፤ ኦቨኑን ከሰሱ። እናቴ ሲሰሙ አላመኑኝም፤ «የውብነሽ ልጅ እንዲህ አያደርግም» አሉ።

ይሁን እንጂ በጣም አመሰግንዎታለሁ። ሌላ የሙቀት ምንጭ በርቶ የተወሰደ መለኪያ ዋጋ እንደሌለው ደንብዎ ይናገራል፤ ኦቨኑ በርቶ እንደነበርም ፊርማዎ ይናገራል። እኔ በሁለት ቴርሞሜትርና በብዙ ገጽ ላረጋግጥ የደከምኩትን እርስዎ በሦስት ቃል ጨረሱልኝ። ለአለቆችዎ የላክሁት ገጽ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በቀር ምንም አልጨመረም። ዛሬ ጠዋት መልስ መጥቷል፤ አቤቱታው ተከፍቷል። አዲስ መለኪያ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን ይደረጋል፤ የሚለካው ሌላ ሠራተኛ ሲሆን እርስዎም ቆመው እንዲያዩ ታዝዟል።

አምስተኛ፤ በማንም ደንብ የማይከፈል።

መስከረም 22 ማታ፣ አቤቱታው መዘጋቱን በሰማሁ ጊዜ፣ በእናቴ ላይ ጮህኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። «በእጅዎ ነው ራስዎን የሚገድሉት» አልኳቸው። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተነሥተው የዳቦ መጋገሪያቸውን አጠቡ፤ አደረቁ፤ ከአልጋቸው ሥር አስቀመጡት። እስከ ዛሬ ከዚያ አላወጡትም። መግቢያው ላይ «ከአንድ ሰው በስተቀር» ያልኩት እሳቸውን ነው። ሳል ጀምሯቸዋል።

ለዚህኛው ቅሬታ የእኔን ድርሻ እኔ እወስዳለሁ። የእርስዎን ግን አልወስድልዎትም፤ ለዚህ ነው ይህ ደብዳቤ በየበሩ የተለጠፈው።

በመጨረሻም ስለ ሙያዊ ጥንቃቄዎ፣ የአገር ሰው ለአገር ሰው ስላለው ርኅራኄና ስለ ጥሩ የምግብ ፍላጎትዎ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ። እናቴ ሦስት ጊዜ የመረቁዎትን ምርቃት እንዲያነሡ ለምኜያቸው ነበር፤ «ዱዓ አይመለስም» ብለው እምቢ አሉኝ። ስለዚህ ምርቃቱ እንዳለ በእርስዎ ላይ ነው፤ እንዴት እንደሚሸከሙት እርስዎ ያውቃሉ።

እስከ ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ድረስ ቴርሞሜትሩን እያየሁ የምጠብቅዎት፣ ውል አክባሪው ተከራይዎ፣

ሸረፈዲን
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

ማስታወሻ፦ በዚያን ዕለት እናቴ ሜርስታ በምትኖረው እህቴ በሙፈሪሃት ቤት ይውላሉ፤ መጋገሪያውንም አብሬ እልከዋለሁ። በሩን የምከፍትልዎት እኔ ነኝ፤ በካልሲ። ኮትዎን አያውልቁ።

ደግሞም የዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ ቅጂ ሱቅ ላይ አልተለጠፈም። ትናንት እሁድ፣ እናትዎ ወይዘሮ ውብነሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሪንከቢ ወደ ቤታቸው ወስጄ፣ ዓይናቸው ስለደከመ፣ እኔው አነበብኩላቸው። የአለቆችዎን መልስ የሚናገረውንና ይህን ማስታወሻ ብቻ ዛሬ ጨመርኩበት። አንብቤ ስጨርስ እናትዎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ዳቦውን በልቶታል?»

ሦስት ጊዜ መብላትዎን፣ የተረፈውንም በፎጣ መውሰድዎን ነገርኳቸው። ተነሥተው ከቁም ሣጥናቸው አንድ ፎጣ አወጡ። የእናቴ ነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፏል። ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አጥበውት ነበር። እኔ ልውሰደው ስል ከለከሉኝ፤ የሚመልሰው የወሰደው ሰው ነው አሉ። በዚህ ሳምንት ይጠብቁዎታል። ወደ እሳቸው ሲሄዱ ኮት አያስፈልግዎትም። ቤታቸው ሞቃት ነው፤ ለክቼዋለሁ።