አሥራ ሁለት ጠዋት ግሬፕ ፍሩት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ፣ ለሚጣዬ፣

«እማዬ፣ ብርቱካን ብቻ። ግሬፕ ፍሩት ከግፊት መድኃኒትሽ ጋር ስለማይስማማ በምንም ዓይነት እንዳትነኪው። ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ለአባዬ እንዳትነግሪው። መጮህ እንጂ ሌላ ምን ይፈይዳል?»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ለቁርስ ብለሽ ከላክሽው የቺያ ፍሬ ጋር በመጣው የአሠራር ወረቀት ግርጌ በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ነው። ካነበብኩት ሁለት ቀን ሆነኝ፤ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።

አስቀድሞ ሊያስጨንቅሽ የሚችለውን ልንገርሽ። እናትሽ ደህና ናት። ተሽሏታል፤ ሰኞ ከሆስፒታል ትወጣለች። አክስትሽ ማክሰኞ ደውላ «ትንሽ አዞራት» ብላሻለች አሉ። ትንሽ አልነበረም። ስልክ ያልደወልኩልሽ ደግሞ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ወረቀት ላይ መጮህ አይቻልም። ይህን አክስትሽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ቺያውን የላክሽ ጊዜ ስቄ ነበር። ለወፍ የሚበተን ጥሬ ነበር የመሰለኝ። እናትሽ ከወተት ጋር አሳድራ ጠዋት በማንኪያ ስትበላው፣ «የእንቁራሪት እንቁላል ቁርስ ሆነ?» አልኳት። «አንተ ዝም ብለህ ዳቦህን ብላ» አለችኝ። በሁለተኛው ወር ግን ቀመስኩት። ጣዕሙ አይከፋም፤ አሠራሩ ግን ያሳፍራል። ታቹ ጓጉሏል፣ ላዩ ውሃ ነው፣ አንዱ ቀን ጣፋጭ፣ አንዱ ቀን ምንም አይል። ምክንያቱን ስጠይቃት «ሁለት ማንኪያ ሞላ ሞላ አድርጌ ነው የምጨምረው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የነጋዴ ሚዛን ሲመረምር የኖረ ሰው ቤት «ሞላ ሞላ» የሚባል መለኪያ አለ? የማን ማንኪያ? ምን ያህል ሞላ?

ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሠራው፣ ወረቀቱን ስጪኝ አልኳት። መኝታ ቤት ገብታ ትንሽ ቆይታ አመጣችልኝ። ግርጌው በመቀስ ተቆርጧል። አይቻለሁ። አቆራረጡ ቀጥ ያለ በመሆኑ ደስ አለኝ እንጂ ምን ተጽፎበት ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለውን ስህተት አንድ ጀማሪ መርማሪ ቢሠራው ኖሮ ከሥራ አግደው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስነግርሽ አላፍርም። አርባ ግራም ቺያ፣ ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር ወተት፣ ሃያ ግራም ማር። መጀመሪያ የብርቱካኑን ልጣጭ፣ ነጩን ሳልነካ ላዩን ብቻ፣ ወተቱ ውስጥ እፈቀፍቃለሁ። ቺያውን ጨምሬ አማስላለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና። እሱን ሁለተኛውን ማማሰል ስለዘለለችው ነው የሚጓጉልባት የነበረው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ጭማቂው የሚጨመረው ጠዋት፣ ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ወተቱን ይቆርጠዋል። ይህን እስክደርስበት ሁለት ሊትር ወተት አበላሽቻለሁ። ወረቀትሽን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል አክስትሽ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ወጣልኝ። ማንኪያ ሲገባበት ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ብርቱካኑ እንጨት እንጨት ይል ጀመር። ሠፈራችን ያለችው ፍራፍሬ ሻጭ ስነጫነጭባት፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይሞክሩት፤ መረር ይላል፣ ግን ለጤና ነው» ብላ ግሬፕ ፍሩት አሳየችኝ። ለጤና አለች። አራት ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ጠዋት ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ሳህኑን ፊቷ አኖርኩላት። ቀመሰችና ማንኪያዋን አቆመች።

«ይሄ ብርቱካን ነው?» አለችኝ።

«ግሬፕ ፍሩት ነው፤ ከብርቱካን የተሻለ» አልኳት።

ሳህኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ አንድ ሳታስቀር በላችና «እጅህ ይባረክ» ብላ ባዶውን ሰጠችኝ።

አሥራ ሁለት ጠዋት እንዲህ በላች። ስምንተኛው ላይ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አይቼ የጫማሽ ሶል አልቋል፣ ቀይሪው አልኳት። አሥረኛው ላይ ከወንበር ስትነሳ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንቅልፍ አልጠገብሽም አልኳት። ማክሰኞ ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ወደቀች። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ደቂቃ ለክቼ አላውቅም።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ዶክተር ያንቺ እኩያ ናት። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እርግጠኛ ነዎት አለችኝ።

«እኔ ቤት ክኒን ገብቶ እኔ ሳላውቅ አይቀርም» አልኳት።

ጻፈችው። ይሄኔ አክስትሽ ከኋላዬ፣ «ጋሼ፣ እንዳይቆጡ» አለችና ከእናትሽ ቦርሳ የክኒን ካርቶን አውጥታ ሰጠቻት። ዶክተሯ ካርቶኑን አየች፣ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፣ ቀጥላ ሰሞኑን ምን እንደበላች ጠየቀችኝ። በግራም ጭምር ነገርኳት። ግሬፕ ፍሩት ላይ ስደርስ ብዕሯ ቆመ። ፍሬው መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው በየቀኑ እንደ ተጨማሪ ክኒን ነው፣ ግፊቷ ወለል የነካው ለዚህ ነው ብላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በሙያዬ የጎደለ ሚዛን ይዘው ሲገኙ ፊታቸው የሚለዋወጥ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ያን ቀን ተያዡ እኔ ነበርኩ። ፊቴን የማደርግበት ሳላውቅ ዋልኩ።

የተቆረጠችው ቁራጭ ካርቶኑ ውስጥ ከክኒኑ ጋር ተጣጥፋ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒት ስትወስድ! አክስትሽ ታውቃለች። ባሕር ማዶ ያለሽው አንቺ ታውቂያለሽ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እንኳ ታውቃለች። አንድ አልጋ ላይ አብሬያት የምተኛው እኔ አላውቅም። አንቺ የመድኃኒት ባለሙያ ነሽ፤ ማስጠንቀቂያ ዕቃውን ለሚነካው ሰው መድረስ እንዳለበት አንቺ እያስተማርሽኝ መሆን ነበረበት። አሠራሩን ለእኔ፣ አደጋውን ለቦርሳ ከፍላችሁ እናትሽ መሃል ላይ ወደቀች። ይህን ይቅር በል አትበይኝ፤ ገና ነኝ።

መጮህ ስላልሽው ደግሞ፣ የክሊኒኩን ነገር ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ራሷን ሲያማት ይዣት ሄጄ ነበር። የግፊት መለኪያው የምርመራ ማኅተም አልነበረውም። ዛሬም አልነበረውም እላለሁ። ነርሷን የነገርኳት ይህንኑ ነው። ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል፤ እኔ ሌላ መሣሪያ ካልመጣ እጇን አትነኩም እላለሁ፤ እናትሽ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጅጌዋን ወደ ታች አወረደችና «በቃ እንሂድ» አለችኝ። ሳትለካ ወጣን። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ሳወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የምትሄደው ከእህቷ ጋር እንደሆነ የሰማሁት ትናንት ነው።

ትናንት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅኳት። በዝግታ ነው የጠየቅኳት፤ አክስትሽ ምስክሬ ናት። እንደሚጎዳሽ እያወቅሽ ለምን በላሽ አልኳት። 

«በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርስ ሠራህልኝ» አለች። «ጠዋት ጠዋት ኩሽና ውስጥ ስታፏጭ እሰማህ ነበር። ምን ብዬ ላቋርጥህ?»

«መድኃኒት እወስዳለሁ ማለት ነዋ።»

«ፉጨቱ ይቆማላ» አለችኝ።

እንደማፏጭ አላውቅም ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አክስትሽ ውሃ አመጣችልኝ፣ አልጠጣሁትም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የዛሬው ነው። ጠዋት ዶክተሯ ሰኞ ከወጣች በኋላ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደማትነካ ልትነግረን መጣች። ማስታወሻዬን ከፈትኩ፣ ብዕሬን አወጣሁ። እናትሽ «ለእህቴ ይንገሯት» አለቻት። ልታስቀይመኝ ብላ አይደለም። ለምዶባት ነው። አንገቷን እንኳ ወደ እኔ አላዞረችም። ዶክተሯና አክስትሽ ኮሪደር ወጥተው ተነጋገሩ፤ እኔ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ።

ስለዚህ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ጻፊልኝ። ከእሱ ጋር የማይሄደውን ምግብና መጠጥ አንድም ሳታስቀሪ። ሌላ የደበቃችሁኝ ነገር ካለ እሱንም ጨምሪ። ከአክስትሽ አፍ መስማት አልፈልግም።

አንድ ነገር ይቀራል። እናትሽን ብጠይቃት «ምንም» ነው የምትለኝ። አንቺ ግን የእኔ ልጅ ነሽ፣ ሐቅ አታለሳልሺም። እኔን ለመንገር የምትፈሩት ምኔን ነው? ቃሌን ነው? ድምፄን? ፊቴን? ለይተሽ ጻፊ። በጥቅሉ «አባዬ፣ ትቆጣለህ» ብትይኝ አልቀበልም። መጠኑ ያልተነገረኝን ነገር ማስተካከል አልችልበትም።

እግርሽ የረገጠው መሬት ይቅናሽ፤ መድኃኒት የምትሰጫቸው ሁሉ ይዳኑልሽ፤ እናትሽን ለእኔም ለአንቺም ያቆይልን። ተቆጥቼብሻለሁ፤ ናፍቀሽኛልም፤ አንዱ ሌላውን አልቀነሰልኝም።

ሰኞ ጠዋት ቤት ስትገባ ቁርሷን የምሠራው እኔ ነኝ። መልስሽን እስከ እሑድ ጥቅምት 12 ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳያልፍ፣ በጽሑፍ፣ በእኔ ስም አድርገሽ ላኪልኝ።

አባትሽ