ፖም የሌለው የፖም ኬክ

ቲቸር፣

ምድጃው ላይ ያለው ጠፍጣፋ ነገር የፖም ኬክ ነው። ፖም ግን የለውም። ከመሳቅሽ በፊት ልንገርሽ።

ትናንት "ቀላል ነገር ነው፤ ፖም ከትፎ፣ ሊጥ አልብሶ ኦቨን ውስጥ መክተት ነው። ያንቺ እርዳታ አያስፈልገኝም፣ እህትሽ ጋ ሂጂ" ብዬሽ አልነበር?

ጓደኞቼ ከነልጆቻቸው መጡ። ፖሙን ከተፍን። ከዚያ እኔ ፋርማሲስቷ ሚዛኔን ዘርግቼ ዱቄቱን በግራም ለካሁ። እንደ መድኃኒት ቤቱ ልማድ ደግሜ ለካሁ። ቀና ስል አምስቱ ልጆች የስምንቱን ፖም ድምጥማጡን አጥፍተውታል። እናቶቻቸውም ሳያግዟቸው አልቀሩም። ዱቄቱ ግን አንዲት ግራም አልተዛነፈም!

አፌን ሞልቼ ስለተናገርኩ ማፈግፈግ አቃተኝና ባዶውን ሊጥ ጋገርኩት። ቢላዋ አይደፍረውም፤ ሻይ ውስጥ ነክረሽ ሞክሪው። ልጆቹ "እትዬ ሚዛን" የሚል ስም አውጥተውልኛል።

ትሪውን እንዳትነኪው፣ ስመለስ እኔው ፈግፍጌ አጥበዋለሁ። አሁን ለሥራ ረፍዶብኛል።

ደግሞ ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀው ትንሿ "ቲቸር ብትኖር 'እጅ ወደ ኋላ!' ትለን ነበር" አለችኝ። ሲወጡ ከኪሷ አንድ የጠቆረ የፖም ቁራጭ አውጥታ "ይሄ የቲቸር ነው" ብላ ሰጠችኝ። በመድኃኒት ከረጢት አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ላዩ ላይ "አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሳቅሽ በኋላ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሂጂ ብልሽም አትሂጂ።