ከአጥሩ ወዲያ የቀረው መዞሪያ

ሄዝልኮት፣ ከቅዱስ ሉቃስ በዓል ማግስት፣ 1799 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ጀርቬስ፣

ለአጎትህ መስክርለት ብዬ ለጻፍሁልህ ደብዳቤ መልስህ ደርሶኛል። «ለመመስከር አልተቻለም» ይላል። ዓረፍተ ነገር አድራጊ እንዲኖረው በመንደሩ ትምህርት ቤት ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፤ ያልቻለው ማን ነው? እናትህ፣ ብርድ ሲገባ ከሚነሣባት ሳል በቀር፣ ደኅና ናት።

ነገሩ ሳይገባህ ቀርቶ እንደ ሆነ ልድገመው። «ፈርሎንግ» ስንል በሬ ሳያርፍ የሚስበውን የትልም ርዝመት ማለታችን ነበር፤ «ባልክ» ስንልም በሁለት ጎረቤታሞች ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚቀረውን ሣር። አንተ የመንደሩን እርሻ በገመድ ለክተህ ለባለርስቱ በአራት ማዕዘን ከከፈልኸው ወዲህ፣ ቃላቱ በአፋችን ቀርተዋል፤ የሚጠሩት ነገር ግን የለም።

አጎትህ ጄትሮ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ምድር አርሷል። ረጅም የበሬ ጥማድ በትልሙ ጫፍ ካለው መዞሪያው ሳይደርስ መታጠፍ ስለሚጀምር፣ የጥንቱ ትልም ሁሉ ጎበጥ ያለ እንደ ነበር ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት በባለርስቱ አዲስ ማሳ ሲያርስ፣ እጁም በሬዎቹም የለመዱትን ጉብጠት ተከትለው፣ አንተ ባሰመርኸው መስመር የተተከለውን፣ ገና ከጉልበት ያልደረሰውን የእሾህ አጥር ረግጠው ወዲያ ማዶ ወጡ። የባለርስቱ ሹም ፕሪድሞር እየሮጠ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ! ዓይንህ ጠፋ እንዴ? አጥሩ አይታይህም?»

«አጥሩማ ይታየኛል ጌታዬ፤ መዞሪያዬ ግን ከአጥሩ ወዲያ ነው።»

«መዞሪያ ብሎ ነገር የለም! እስቲ ካርታው ላይ አሳየኝ!»

«ካርታው አርሶ ያውቃል? በሬዎቹን ይጠይቋቸው፤ ከእኔ ቀድመው የታጠፉት እነሱ ናቸው።»

አራሾቹ ሳቁ። የጎዳውም ያ ሳቅ ነው፤ ሹሙ «ሆን ብሎ አጥር አፈረሰ» ሲል ከሰሰው። በበጋ ሌሎች አጥር አቃጥለው ስለ ነበር፣ ዳኞቹ መቀጣጫ የሚሆን ሰው ይፈልጋሉ፤ ወደ ባሕር ማዶ ያግዙታል ይባላል። በእርሱ ዕድሜ ያንን ጉዞ ማን ይጨርሰዋል?

የድሮው መዞሪያ የት እንደ ነበር ተናግሮ የሚታመን፣ የአጥሩን መስመር ያሰመረው ሰው ብቻ ነው። እኔማ ወንድሙ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? ባለርስቱ የሚቀጥለውንም ደብር መሬት እንድትለካለት ቃል እንደ ገባልህ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለህ።

ትናንት ወደ እስር ቤቱ ሄጄ ነበር። እናትህ የላከችለትን ዳቦና አይብ እየበላ ለጠባቂው ያወራል፦ «ሰኞ ችሎት ላይ የወንድሜ ልጅ ይመጣል። ቀያሽ ነው፣ የተማረ! አንድ ጊዜ አፉን ይክፈት እንጂ፣ ያኔ ታያለህ።»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እውነት ነው መምህር?» አለኝ።

መልስህ በኪሴ ነበር። «ይመጣል» አልሁት።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ መንገድህንም ያሳጥርልህ።

አባትህ፣
ኦባድያ ሌንተን