«አላዋቂው ባሪያ» ብዬ በመፈረሜ ሐረር ስለ መቅረቴ

ለክቡር ሲኞር፣ የባሕር ዳር የትምህርት ሹም፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጣና ወባ ከነትንኙ ይራቅልዎ። እኛ ከትምህርት መቅረታችንን ካልቆጠርነው በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ መውደቄንም እርስዎ የለጠፉት እዚያው ስለሆነ፣ ጥያቄና መልስ እንዳይራራቁ ብዬ ነው።

ሐረር ሄዶ ከፍተኛ ትምህርት መማር የሚሻ ሁሉ፣ ማንነቱንና መማር የፈለገበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ ብለው ነበር። እኔም ከልጅነቴ የምመኘው ይህንኑ ነበርና ጮቤ ረገጥሁ፤ ጽፌም አመጣሁ፤ እርስዎም ጣሉኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እኛ ዘንድ ራሱን የሚያወድስ ሰው ነውረኛ ነው። ቁርኣን ያስቀሩኝ ሼህ አደም፣ አገር ለፈትዋ የሚጎርፍላቸው ዓሊም ሆነው ሳለ፣ «ደካማውና አላዋቂው ባሪያ» ሳይሉ ፈርመው አያውቁም። እኔም ደረሳቸው ነኝና «ከሰው ሁሉ የማንሰው፣ ምንም የማላውቀው ጀላሉዲን» ብዬ ጀመርሁ። አስተርጓሚዎ አቶ ሣህሉ፣ እጃቸው ይባረክና፣ አንዲት ቃል ሳይጥሉ ወደ ጣሊያንኛ ገለበጡልዎ፤ እርስዎም «አመልካቹ አላዋቂነቱን በገዛ እጁ አምኗል» ብለው ማኅተም መቱበት። ያ ረቢ! በዚህ ዓይነት ሼህ አደምም ከእኔ ጋር ወድቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ «አላህ ካለ፣ አባቴም ከፈቀዱ እማራለሁ» ማለቴን «ቆራጥነት የለውም» ብለው ስለተረጎሙልኝ አመሰግናለሁ። ያለ አላህ ፈቃድ የሚማር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሐረር ካለ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ ቦታዬን ለጓደኛዬ ለአምሐ ስለሰጡልኝ። አምሐ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እወደዋለሁም። በጽሑፉ ግን «በጣና ዙሪያ እንደ እኔ ያለ ታንኳ ሠሪ አልተወለደም፤ ማዕበሉም ስሜን ሲሰማ ጸጥ ይላል» ብሏል። እኛ ለታንኳ ደንገል በማሰር የኖርን ቤተሰቦች ይህን ስንሰማ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን፤ ይህ ልጅ እንኳን ታንኳ፣ ጭድ አስሮ አያውቅም! እሱ ራሱም ከእኛ ጋር ነው የሳቀው።

ይሁንና ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም። እናቴ መዲና ለመንገዴ ያሰናዳችልኝን ዳቦ ቆሎ ጎረቤት እያጽናና ጨረሰው። እኔ አሁንም መማር እፈልጋለሁ። ጽሑፌን ዳግመኛ ያስነብቡልኝ፤ የእኛን አገር ትሕትና የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ።

ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ የሚያምን ይህን የዋህ ልብ አላህ አያሳጣዎ እያልሁ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ከሰው ሁሉ የማንሰው፣

ጀላሉዲን ሙሀመድሰዒድ
ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ በመጪው እሑድ አምሐ በገዛ እጁ ባሰረው ታንኳ ወደ ዘጌ ሊሻገሩ መሆንዎን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። በአባቴ ታንኳ ከኋላ ተከትዬ ከውኃው ባወጣዎት ደስ ባለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ምንም እንደማላውቅ በማኅተምዎ ጸድቋል።