ለቅዳሜ ሰው በስልክ ጠራሁ

ለምወድህ ወንድሜ ለጀርቬ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? መሰላል ላይ መንጠልጠሉን ተውክ ወይስ ያው እንደ አባባ ግትር ነህ? ጁኒ ደህና ናት? ልጆቹስ? እዚያ አላስካ የኮዲያክ ብርድ ከአሁኑ አጥንት ይሰብራል ብለህ ከጻፍክልኝ ጀምሮ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ከዚያች ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሙቀቱ አልበረደም። ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፤ ትንኙም እንዳለ ነው።

ከጋራዡ በላይ ያለውን ክፍል ቀለም ቀብተህ፣ አልጋ አስገብተህ፣ መቼ ነው የምትመጪው ካልከኝ ሰነበተ። መልሱን ያዘገየሁት ንቄህ አይደለም። ለራሴ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ በኳስ ጨዋታ ቀን ይህ ቤት አሁንም ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ እቀራለሁ፣ ካልሆነ ግን ዘግቼው ወደ አንተ እመጣለሁ ብዬ። ያ ቀን ትናንት ነበር። እንዴት እንደዋልኩ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ባሌ ኦዜሜ ካረፈ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው የኳስ ጨዋታ ወቅት ነው። መቼም አልረሳኸውም፣ እኛ ጋ በጨዋታ ቀን ሰው አይጠራም። ድስቱ ደጅ ከወጣ፣ ባንዲራው ከተሰቀለ፣ ያየ ሁሉ የራሱን ወንበር ይዞ ይመጣል። ስልክ የሚደወለው ለሠርግ፣ ለቀብርና ለስንብት ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ዕለት እኔም እንደ ደንቡ ቴሌቪዥኑን በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤት ሥር አውርጄ፣ የቡድናችንን ሐምራዊና ወርቃማ ባንዲራ ሰቅዬ፣ ድስቱን ጥጄ ተቀመጥኩ። አንድም ሰው ዝር አላለም። ከዚያ ሁሉን ከጠራረገው ማዕበል በኋላ በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች ግማሾቹ ኦና ናቸው። የቀሩትም ሐዘን ላይ ናት ብለው ይሁን ረስተውኝ እንጃ። የጠበስኩትን ዶሮ ለአክስታችን ልጅ ለቪዮላ ውሻ ሰጥቼ ገባሁ።

ስለዚህ በዚህኛው ሳምንት ፈራሁ። እንደገና ብቻዬን ከድስት ጋር ተፋጥጬ ከምውል ብዬ ስልኬን አነሳሁና ለሁሉም ደወልኩ። ቅዳሜ አዞ እጠብሳለሁ፣ እንዳትቀሩብኝ አልኩ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዴት እንቀራለን ይሉኛል። ያ ድምፅ ያኔ አልገባኝም።

አዳኙ ኩርቲስ ሙሉ የአዞ ጭራ አመጣልኝ። አንተ እዚህ እያለህ ድስቱ የወንድ፣ ሩዙና የድንች ሰላጣው የሴት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ አዞ ስጠብስ የመጀመሪያዬ ነው ብልህ ትስቅብኛለህ። ቢጫው ስብ ጥፍር ታህል እንኳ ከቀረበት ሥጋው ረግረግ ረግረግ ይሸታል እያለ ኦዜሜ ሲጨቀጭቅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ መነጽሬን ሰክቼ ስቡንና ነጩን ሽፋን ስለቅም ዋልኩ። ሥጋውን ለጉርሻ በሚሆን መጠን ቆራርጬ፣ በእንጨት መዶሻ ደብድቤ፣ በአሬራና በሰናፍጭ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በማግስቱ በበቆሎ ዱቄት፣ በነጭ ሽንኩርትና ዓይን በሚያስለቅሰው በርበሬያችን ለወስኩት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ እሱ እንደሚያደርገው ያልተጫረ ክብሪት ጣልኩበት። ክብሪቱ ዘይቱ ላይ እንደተንሳፈፈ ቦግ ሲል ኦዜሜ ከኋላዬ ሆኖ «በይ አሁን» ያለኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማን ይኖራል? አለቀስኩ፤ በርበሬው ነው ብዬ አልዋሽህም።

ደግሞም መጡ፣ ጀርቬ። ሁሉም መጡ። ግን የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ነው የመጡት፤ ወንበር የያዘ አንድ ሰው አላየሁም። ቪዮላ ኬክ ጋግራ፣ የሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ መጣች። ያን ሻርፕ በዚያ ሙቀት አንገቴ ላይ ጠምጥማ፣ አላስካ ሆነሽ ታስታውሽናለሽ ስትለኝ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነገሩ በራልኝ። ክፍል እንዳዘጋጀህልኝ ለእሷ ነግሬያት ነበር። መደወሌ ሲጨመርበት ኤልሚር ልትሰናበተን ነው ብለው ቆርጠው ነው የመጡት።

በኦዜሜ ጊዜ፣ ይሄ አዞ ነው ወይስ የቦቲ ጫማህ ሶል እየተባለ፣ እሱም ካልጣመህ የሚስትህን ብላ እያለ፣ ሲሰዳደቡና ሲሻሙ ነበር የሚውሉት። ትናንት ሁሉም እጅሽ ይባረክ አሉኝ። አንድ የሚሳደብ ጠፋ! ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ከሳህኑ ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር አድርገው አፋቸውን ጠረጉ። የቪዮላ ባል ድስቱን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ ስሄድ ለማን ልተወው እንዳሰብኩ በትሕትና ጠየቀኝ።

አልሄድም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣሁትም። ከመካከላቸው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የት አባትሽ ትሄጃለሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር። የሚለኝ አጣሁ። ጨዋታው ሳያልቅ አንድ በአንድ እያቀፉኝ ሄዱ፤ የቡድናችን ልጆች ማሸነፋቸውን እንኳ ብቻዬን ነው ያየሁት። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሆኑን ለምጄዋለሁ። በሰው መሀል ብቻ መሆን ግን እንዲህ እንደሚከፋ አላውቅም ነበር። እንግዲህ መሄድ ነው ብዬ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ።

ከጠራኋቸው ያልመጡት የኦዜሜ የአደን ጓደኛ ጋሽ አዴላር ብቻ ናቸው። ከደጃችን ውሃ ማዶ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር፤ ፊታቸውን አዙረዋል። ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ አደርኩ።

ዛሬ ከቅዳሴ ተመልሼ ዘይቱን ሳጠልል ጀልባቸውን ሲያስጠጉ ሰማሁ። ወንበራቸውን በብብታቸው ይዘው እየሳሉ ከቤቱ ሥር ገቡና፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ተቀምጠው፣ የተረፈ አለ ወይ አሉ። ቀዝቃዛውን አመጣሁላቸው። አላምጠው አላምጠው ዋጡና፣

«ስብ ትተሽበታል። ኦዜሜ ቢቀምሰው ድስቱን ከነሥጋው ውሃ ውስጥ ይደፋው ነበር» አሉኝ።

በሁለቱ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው ብልህ ታምነኛለህ? ትናንት ለምን ቀሩ አልኳቸው።

«ጠራሽኝ እኮ። ጥርሴ ሙሉ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የምበላበት ቤት በስልክ ልጠራ? ምን፣ ከከተማ የመጣሁ እንግዳ ነኝ?»

ይህን ብለው ስብ አለበት ካሉት ሥጋ ሌላ ቁራጭ አነሱ። ሳህኑን ባዶ ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ውሃው ላይ እንደተከሉ፣

«ትሄጃለሽ አሉ» አሉኝ። «መሄድ መብትሽ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ እመጣለሁ። ባትኖሪም እዚሁ ቁጭ ብዬ ጨዋታውን በሬዲዮ እሰማለሁ። ብቻ እንዳትደውይልኝ።»

ስለዚህ ወንድሜ፣ አልመጣም። ክፍሉን ለልጅህ ለኖኤሊ ስጣት፤ ልጅቷ አድጋለች፣ የራሷ በር ያስፈልጋታል። እንዳይከፋህ። ብቸኝነቱ ለቀቀኝ ማለቴም አይደለም። ያሉኝ አንድ ሳል የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም እስከ መቼ እንደሚቀዝፉ አንድዬ ያውቃል። ሲመሻሽ አሁንም ለሁለት ሰው ሳህን አወጣና መልሼ አስቀምጣለሁ። ግን ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ያለበትን ቤት ቆልፌ መሄድ አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ።

የሱፍ ሻርፑን ለጁኒ ልኬላታለሁ፤ ለእሷ ይሻላታል። በብዙ ናፍቆት ሳማት። ኖኤሊን ግንባሯን፣ ትንሿን ክሌርን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። የጁኒን እናት የአገራችንን በርበሬ በፖስታ እልክልዎታለሁ ብላለች በላቸው፤ ጨጓራቸው ከቻለው። አንተን ግን መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ናም አልልህም። በዚህ ሳምንት የጠራሁት ሁሉ እንግዳ ሆኖብኛል።

እህትህ ኤልሚር

ባዩ ፕቲ ካን፣ ሉዊዚያና
የሴፕቴምበር የመጨረሻው እሑድ