ፈረሶቹ የማይጠጡት ውሃ

ስኬልቤክ፣ ሰሜን እንግሊዝ
መስከረም ወር

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ሮዌና ፎሴት፣ የሃርስዴል ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ግልባጭ፣ ጋዜጣችንን ለሚያነብ ሁሉ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም የኮሚቴዎን አባላትም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ሆዳችሁን። በእኛ በኩል ስለ ሆድ ጤና ማሰብ ከጀመርን ሰንበት ብለናል።

እኔ ከጉብታው ሥር ካሉት ሦስት ቤቶች በላይኛው የምኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። ሦስታችንም የምንጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ምክር ቤትዎ ውበቱ እንዳይነካ በሕግ በከለለው በዚህ ጉብታ ላይ አቶ ፒርስ ላንየን የግል ፈረሶቻቸውን ጋጣ እንዲሠሩ ስለ ፈቀዱ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው የምጽፈው። ለባለሥልጣን ደብዳቤ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያውን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት የበሰበሰውን የወጥ ቤቴን መስኮት በዘመናዊ ለመቀየር ስጠይቅ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያ የአዲሱ መስኮት ነጸብራቅ ከጉብታው ለሚመለከት መንገደኛ ገጽታውን ሊያበላሽ እንደሚችል በትሕትና አስረድተውኝ፣ እኔም ክፍተቱን በጆንያ ወትፌ ተቀመጥኩ። ዛሬ በዚያው ጉብታ ላይ የአሥራ ሁለት ፈረሶች ጋጣ ቆሟል፤ ወለሉ ከሥር ይሞቃል፤ የመጋለቢያው ሜዳ መብራት ደግሞ እስከ መኝታ ቤቴ ጣሪያ ድረስ ስለሚደርስ መጽሐፍ ለማንበብ የራሴን መብራት ማብራት ትቻለሁ። ኮሚቴዎ ለንባቤ ላደረገው ለዚህ ድጋፍ ውለታውን በምን እንደምመልስ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ቦታውን በዓይናችሁ ለማየት ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ሕጉ አባላቱ በጉብኝት ላይ ሳሉ ነዋሪ እንዳያነጋግሩ ስለሚከለክል፣ እናንተም ሕግ አክባሪዎች ስለሆናችሁ፣ ዝናቡም ስለነበረ፣ ከሚኒባሱ ሳትወርዱ ጉብታውን በመስኮቱ መስተዋት አይታችሁ ተመለሳችሁ። በታችኛው ቤት የሚኖረው ጡረተኛው ፖስተኛ ኩትበርት ሬይን ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩ ሥር ሲጠብቃችሁ ነበር። ሚኒባሱ ሲያልፈው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሄስተር፣ ምነው ኮርቻ ጭነሽኝ ቢሆን ኖሮ! ይሄኔ ወርደው አንገቴን ይደባብሱኝ ነበር» አለኝ። ያልታደለ ሰው ነው፤ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይተናነቀኛል። በውሳኔው ስብሰባ ላይ ተቃዋሚዎች የምንናገርባት አጭር ጊዜ ካለቀች በኋላ፣ ከአባላቱ አንዱ በዕቅዱ ላይ የጋጣው ፋንድያ የሚከመርበት ቦታ ከምንጩ በላይ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ስማቸውን ባውቅ በጸሎቴ አስባቸው ነበር። የአቶ ላንየን አማካሪም ፈገግ ብለው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ጌታዬ፣ በዚህስ ፈጽሞ አይስጉ። ክምሩ ከምንጩ በላይ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ከፈረሶቹ አንዱም ከዚያ ምንጭ አይቀምስም፤ ንጹሕ ውሃ ከከተማው በቧንቧ ይመጣላቸዋል።» አዳራሹ በሙሉ እፎይ አለ። ከጎንዎ የተቀመጡት እመቤትም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ተመስገን! እኔማ ለእንስሳቱ ነበር የፈራሁት» አሉ። እርስዎ ይህንኑ ከፈቃዱ ግዴታዎች አንዱ አድርገው አጸደቁት። ስለ ሦስቱ ቤቶች የተነሳ ቃል ካለ እኔ ከኋላ ወንበር አልሰማሁትም።

አራተኛ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርዎ፤ ምሳ ላይ ከሆኑ ግን ቀጣዩን አንቀጽ ቢዘሉት ይሻላል።

ውሃችን ሻይ ሳይገባበት የሻይ ቀለም ይዞ ይመጣል። ዝናብ በጣለ ማግስት ሲቀዳ አረፋ አለው፤ ሽታውን የጋጣ በር ከፍተው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ አልገልጽልዎትም። መስኮቴ ላይ ያለው ጆንያ በዝንብ ጠቁሯል። በመካከለኛው ቤት የምትኖረው ሜርል ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጇን በነሐሴ ሆስፒታል አስተኝታ አስታመመች። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስትደውል ያነሡት ሰው፣ «እመቤት፣ አፍልታችሁ ጠጡ» አሏት። እሷም፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ፋንድያ ሲፈላ ስሙ ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። መስመሩ ተቋረጠ። ይህን ሁሉ ስናፈላ ለፈረሶቹ ንጹሕ ውሃ የጫነው ቦቴ በደጃችን እያለፈ ጭቃ ይረጨናል፤ ቧንቧው ገና አልተዘረጋምና።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደብዳቤዬ ልመለስ። ያ መሬት ቀድሞ የአሞስ ሜትካፍ ነበር። ልጁ ጋርዝ በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት አጠገባቸው እንዲያድር፣ ከበረቱ ጎን ሁለት ክፍል ቤት ልሥራለት ብሎ ኮሚቴዎን ጠየቀ። ጎረቤቶቹ ተቃወምን። እኔም ጉብታው እግዚአብሔር እንደ ሠራው ይቆይ ብዬ ጻፍኩ፤ በዓረፍተ ነገሩ ኮርቼበት ነበር። ኮሚቴዎ ደብዳቤዬን በምስጋና ተቀብሎ ክልከላው ላይ ጠቀሰው። ጋርዝ አገሩን ለቅቆ ሄደ፤ አሞስ ብቻውን በጎቹን መያዝ አቅቶት መሬቱን ሸጠ፤ ገዢው አቶ ላንየን ናቸው። ጋርዝ እዚያ ቢኖር ኖሮ ከዚያው ምንጭ ይጠጣ ነበርና ከበላዩ ፋንድያ አይከምርም ነበር። ይህን ለአሞስ ሳልነግረው ሞተ። ስለዚህ የምጸየፈው እናንተን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ነው፤ የጀመርኩት ግን ከእናንተ ነው።

ክብርት ሆይ፣ ለፈረስ ጥም ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ወደ ሰው ልጅም እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ለኮሚቴዎ አርቆ አሳቢነት፣ ለሚኒባሱ ሾፌርም ጥንቃቄ የተሞላ ማሽከርከር ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ከክምሩ ሥር ከመኖሬ የተነሳ ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት ግን አልችልም።

ታዛዥ ነዋሪዎ፣
ሄስተር ኦልደርሰን

ማስታወሻ፦ ረስቼው ነበር። የፈረሶቹ ቧንቧ ሊያልፍ የሚችለው በእኔ ደጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዓለት ነው አሉኝ። አቶ ላንየን እንድፈርምላቸው ወረቀት ልከዋል፤ ቦቴው በመንገዳችን እንዲመላለስ የፈቀዳችሁት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ስለሆነም መሥሪያ ቤትዎ እንድፈጥን በአክብሮት አሳስቦኛል። ከዚያው ቧንቧ ለሦስታችንም ደጅ ውሃ እንደሚወርድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ዕለት እፈርማለሁ። እስከዚያው ምንጫችን ለፈረሶቹ ክፍት ነው። አፍልተው ያጠጧቸው።