ወገቡን የለቀቅኩት ጉርድ

ጥቅምት 3
ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ አባቷ እንደ ልማዱ፣ «መጣች የኔ ድምቡሼ!» አላት። ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር። ዛሬ ቦርሳዋን ወርውራ መኝታ ቤት ገባች። «ምን አልኳት?» ይለኛል። ምን አልኳት ይባላል? እኔስ ብሆን... ሜትር ባዞርኩባት ቁጥር «ኧረ ወገብሽ!» እያልኩ ስስቅ አልነበር?

ጥቅምት 5
እራት አልበላችም። «ጉርዴ ጠበበኝ፤ ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል።» ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ እኮ ነው! ልጅ ያድጋል፣ ልብስ ይጠባል። ምኑ ይደንቃል?

አንድ ዘዴ መጣልኝ። ላጥብልሽ ብዬ ጉርዱን ወሰድኩና ወገቡን ተርትሬ ለቀቅ አደረግኩት። በዚያው ዓይነት ክር መልሼ ሰፋሁት። ማንም አይለየውም። ሲላላባት የቀነሰች ይመስላታል፤ ያኔ ትበላለች።

ጥቅምት 8
ተሳካ! «እማ፣ ላላኝ እኮ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ። እየሮጥኩ ምሳ አቀረብኩ።
«አይ እማ፣ አሁንማ መቀነስ ጀምሬያለሁ። አላቆምም።»
ወይ ጉዴ! ምን አደረግኩ?

ጥቅምት 19
ቁርስ የለም። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል። አባቷ ድምቡሼ ማለቱን ትቷል። ትላንት ለመናት፣ ተቆጣት፣ በመጨረሻ አለቀሰ። እምባውን አይታም አንዲት ማንኪያ እንኳ አልቀመሰችም።

ኅዳር 2
ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ፣ «እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ነገር አይደለም» አለችኝ። ቤት ስንገባ አላስችል አለኝ፤ ነገርኳት።
«ወገቡን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አንቺ አልቀነስሽም ነበር።»
ትክ ብላ አየችኝ። «እንድበላ ብለሽ ነው የምትዋሺው።»
የድሮው ስፌት ያለፈበትን ቀዳዳ አሳየኋት።
«እሱንም ዛሬ ነው የበሳሽው።»
እንዴት ብላ ትመነኝ...

ኅዳር 9
ጉርዱ አሁን የእውነት ከወገቧ ይወርዳል። «አምጪው ላጥብብልሽ» አልኳት።
«አንቺ አትንኪው!»
ይዛው ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ገባች። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሰውየው ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረ። ቁጥሩን አየና ደንግጦ ወደኔ ቀና አለ። እሷ ፈገግ ብላለች።